እንግዳችሁን ቁርስ የት ትወስዱታላችሁ?

(ለጀማሪ አስጎብኚዎች በተዘጋጀ የሥልጠና መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ!

ይሄ ቁርስ ያልበላ ሰው ድምፅ ነው። እስቲ እንደገና፤ እንደምን አደራችሁ? እሺ፣ አሁን ተሻለ።

የመድረኩን አዘጋጆች አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም ግሩም ነገር ነግረዋችኋል። እኔ ደግሞ ስለ እንቁላል ፍርፍር ላወራ ነው የመጣሁት። (ሳቅ) ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን እንግዳችሁ ላሊበላ ከመድረሱ በፊት የት ነው የሚያድረው? አዲስ አበባ። ጠዋት ይነሳል። ይርበዋል። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

አውቃለሁ ምን እንደምታደርጉ። "ቁርስ ሆቴሉ ውስጥ አለ፣ በልተህ ጠብቀኝ፣ በ3 ሰዓት እመጣለሁ" ትሉታላችሁ። ቡፌው ላይ ምን አለ? ቋሊማ አለ፣ ክሩዋሳን አለ፣ ኮርንፍሌክስ አለ። ሰውየው ይህን ሁሉ አገሩ ትቶት ነው የመጣው! አንድ ጥግ ላይ ለወጉ ያህል ጨጨብሳ ይቀመጥለታል፤ ከነጋ ጀምሮ ክዳን ተከድኖበት የላቆጠ። ያንን ቀምሶ "የኢትዮጵያ ቁርስ አልተስማማኝም" ብሎ አገሩ ይገባል። ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ጊዜ ጀማሪዎች እየደወሉ "ጋሼ፣ ጥሩ ቁርስ ቤት ጠቁመኝ" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ዛሬ ምን ቀን ነው? ስንት ሰዓት ነው? እንግዳህ ማን ነው? እነዚህ ሳይታወቁ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ቁርስ ቤት የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ አንጀት የሚያርሰው ቤት ዓርብ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1 ሰዓት ተአምር የሆነው ፉል በ5 ሰዓት የለም። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። ስለ ቀኑ፣ ስለ ሰዓቱና ሰፈሩ፣ በመጨረሻ ስለ አስተዛዘዙ።

ከቀኑ ልጀምር።

ዛሬ ምን ቀን ነው? ረቡዕ። ጎሽ። ረቡዕ ምንድን ነው? ጾም! ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ይሄን የምታውቁት ቤተ ክርስቲያን ስታስጎበኙ ነው እንጂ ቁርስ ቤት ስትመርጡ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ደምሩትና እዩት። የዓመቱ ሰፊ ክፍል ጾም ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይፈሰካል። ጎብኚ ደግሞ የእኛን አቆጣጠር አይቶ አይመጣም።

በጾም ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የሚረሳው ሌላኛው ነው። አጥባቂው ጿሚ ከነጭራሹ ቁርስ አይበላም። እስከ 6 ሰዓት፣ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። እና በጾም ጠዋት የፍስክ ቤቱ ምን ይሆናል? ይቀዘቅዛል። እንቁላል ብታዙ ላይከለክሏችሁ ይችላሉ፤ ግን ወጥ ቤቱ ልቡ እዚያ የለም። ዱለትማ አታስቡት። ብዙው ሥጋ ቤት ራሱ ዝግ ነው።

ታዲያ በጾም ቀን እንግዳ ይራብ? ኧረ በፍጹም! እንዲያውም እኔ የጾም ጠዋት ደስ ይለኛል። ሽንኩርትና ቲማቲም የጠገበ ፉል አለ። ጨጨብሳ በዘይት አለ። ቂንጬ በዘይት አለ። የጾም ፍርፍር አለ፤ ድልሁ ደህና ከሆነና እንጀራው የዛሬ ከሆነ ከቋንጣው አያንስም። ከጎኑ ቃሪያ፣ ከላዩ ሻይ በቅመም። ምን ጎደለ?

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ጀርመናውያን ተቀበልኩ። ከሌላ አስጎብኚ ጋር ደቡቡን ዞረው የተመለሱ ናቸው። ሴትዮዋ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ምንም አትበላም፤ ቪጋን የምንለው ነው። ከሳ ብላለች። "መንገዱን ሁሉ ቁርሴ ሙዝና ዳቦ ነበር" አለችኝ። ቀኑ ዓርብ ነበር። መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ወሰድኳቸው። አስተናጋጇ መጣችና ሜኑ ሳትሰጥ "ዛሬ የጾም ብቻ ነው" ብላ ትዘረዝር ጀመር። እኔ እተረጉማለሁ። ሴትዮዋ ታዳምጥና "ቅቤ የለውም? ወተት የለውም? እርግጠኛ ነህ?" ትላለች። የለውም። ያኛውስ? እሱም የለውም። በመጨረሻ ሁሉንም አዘዘች! ባልየው እንቁላል ፈልጎ ነበር፤ እሱ ነው የተከፋው። እኔ የገረመኝ ያኛው ባልደረባዬ ነው። ሚሊዮኖች በሳምንት ሁለት ቀን የሚበሉትን ምግብ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሰው ሙዝ ሲበላ ማየቱ!

ስለዚህ እንግዳችሁ ቪጋን ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሰርግ ነው። በፍስክ ቀን ደግሞ "የጾም አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁም አትተዉት። "መጥበሻው ቅቤ ያልነካው ይሁን፣ አደራ" በሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጨጨብሳ የሚሠራበት መጥበሻ ቅቤ ጠጥቶ ያደረ ነው።

ረመዳንንም እንዳትረሱ። መርካቶ ፉል ቤት አያለሁ ብላችሁ በረመዳን ጠዋት ብትሄዱ በሩ ዝግ ነው። የዚያን ወር መርካቶን ማታ ውሰዷቸው፣ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ። ሳምቡሳው ብቻውን ያስመጣል። እሱ ግን የሌላ ቀን ንግግር ነው።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሰዓትና ሰፈር።

መርካቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍቀዱልኝ፤ እዚያ ነው ያደግኩት። አባቴ ሸማ ተራ ሱቅ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ፉል። ሌላ ቀን እናቴ ቤት ያለውን ታበላኛለች፤ ቅዳሜ ግን ከአባቴ ጋር እንደ ትልቅ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። እግሬ መሬት አይደርስም ነበር። አባቴ ፉል ቤት ሲመርጥ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛ፣ ወዛደሩ እዚያ ይበላል ወይ? ሸክም የሚሸከም ሰው በባዶ ሆድና በመጥፎ ምግብ አይቀልድም። ሁለተኛ፣ ዳቦው። ትኩስ ዳቦ በጆንያ እየተመላለሰ የሚገባበት ቤት ከሆነ ግቡ። ዳቦው ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ካያችሁት እለፉት።

ፉል ከዐረብ አገር ጋር በነበረን ንግድ የመጣ ምግብ ነው። ባቄላው ግን የእኛው ነው። ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል ያድራል። ለዚህ ነው ጠዋት የሚሻለው። ደህና ፉል ቤት አንድ ድስት ጥሎ ያድራል፤ ሲያልቅ አለቀ ነው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ያሉትን ለማግኘት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ድረሱ። ሦስት ሰዓት ላይ የድስቱ ቂጥ ነው የሚደርሳችሁ። አራት ሰዓት ላይ "አልቋል" ይሏችኋል። ቀኑን ሙሉ ፉል የማያልቅበት ቤት ካለ ግን ጠርጥሩት።

እዚያው ፈጢራም አለ። ሊጡ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ተስቦ፣ እንቁላል ገብቶበት ተጣጥፎ ይጠበሳል፤ ማር ይፈስበታል። ልጅ ይዞ ለመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ የለም። ልጆች ሰውየው ሊጡን ሲዘረጋ እያዩ ለቅሷቸውን ይረሳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መርካቶ ስትገቡ ካሜራውን ሆዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አይደለም። ቦርሳ ከፊት። የሚበላ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም። እናንተስ ጉርሻ አፋችሁ ውስጥ እያለ የማታውቁት ሰው ቢያነሳችሁ ደስ ይላችኋል?

አሁን ፒያሳ። ፒያሳ ታሪክ የሚወድ እንግዳ ቁርሱን የሚበላበት ነው። ጣይቱ ሆቴልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እቴጌይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ያሠሩት ነው። ያኔ ሰው ከቤቱ ውጭ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበር። ቤት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው ነው እንዲያ የሚያደርገው። እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ አንገራግረው ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ሄደው ተቀምጠው በሉ፣ ሒሳብም ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የለመደው ይባላል። ይህን ታሪክ የት ነው የምትነግሩት? አውቶቡስ ውስጥ በማይክሮፎን? አይደለም! እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ሻዩ እየጨሰ ንገሯቸው። ሆቴሉ ጥር 2007 ላይ ቃጠሎ ደርሶበት ነበር። ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት የነበረበት ክፍል ነው የነደደው። ይህንንም ይጠይቋችኋል፣ እወቁት።

ከዚያ ቡና። ቶሞካ በፈረንጆቹ 1953 የተከፈተ ነው። ቁርስ ቤት ግን አይደለም! አንዳንዶቻችሁ እንግዳውን በባዶ ሆዱ ወስዳችሁ ያንን ጠንካራ ቡና ታጠጡታላችሁ፤ ከዚያ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከፍታው ነው ትሉታላችሁ። (ሳቅ) መጀመሪያ ይብላ። ከዚያ ቆሞ፣ ከፍ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛውና ከሽማግሌው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጠጣ። ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ነው፣ ወሬው የሚሰማውም ቆሞ ነው።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎን በአጭሩ ልለፈው። የተማሪ ሰፈር ነው። እንቁላል ሳንዱች፣ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ ስፕሪስ ሻይ። ርካሽና ፈጣን ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ለማየት ፕሮግራም ካላችሁ ቁርሱን እዚያው አካባቢ አድርጉት። ከቦሌ በልታችሁ ስትመጡ መንገዱ ይዘጋል፣ ሉሲን በምሳ ሰዓት ነው የምታገኟት።

ቦሌ መቼ ነው? እንግዳው በጠዋት አውሮፕላን ሲገባ። ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ ማለዳ ነው የሚያርፉት። ሌሊቱን አልተኙም። ዓይናቸው ቀልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ዱለት ቤት አትውሰዱ! ካልዲስ አለ፣ ሌሎችም ንጹሕ ካፌዎች በየማዕዘኑ አሉ። ማኪያቶ፣ ትንሽ ጨጨብሳ በማር፣ አለቀ። ይተኛ። ጀግንነቱ ነገ ይደርሳል።

አሁን ስለ ካዛንቺስ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ነው እንደ አስጎብኚ በጣም የሚጠቅማችሁ።

ከተማው እየተለወጠ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተነሣ። ጠዋት ጠዋት ጥብስና ፍርፍር የምንበላባቸው ቤቶች አብረው ሄዱ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ እሱን አልክድም። ግን መንገድ አይበላም። እና ከአሜሪካ አንድ ሰው መጣ። የካዛንቺስ ልጅ ነው። ከወጣ ዘመን ሆኖታል። ከኤርፖርት ስቀበለው የመጀመሪያ ቃሉ "ወንድሜ፣ እናቴን ከማየቴ በፊት ፍርፍር አብላኝ" ነበር። የቤቱን ምልክት ይነግረኛል። ከግንቡ ማዶ፣ ሰማያዊ በር፣ እትዬ የሚሏቸው ሴት። ቦታው እንደተነሣ ብነግረው አላመነኝም። ወሰድኩት። ቆሞ አየ። ሰማያዊ በርም፣ ግንብም የለም።

እዚህ ጋ አብዛኛው አስጎብኚ "አይዞህ፣ ሌላ ቦታ እንሂድ" ይላል። እኔ ግን በአቅራቢያው መኪና የሚጠብቀውን ልጅ ጠየቅኩት። "እዚህ ቁርስ ቤት የነበራቸው እትዬ የት ገቡ?" ልጁም አለኝ፣ "ገላን ጉራ። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው የሄደው።" ስልክ አስደወልን። ሌላ ቀን ጠዋት ሄድን። ሴትየዋ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጥቂት በርጩማ ዘርግተው እየሠሩ ነው። ሰውየውን ትኩር ብለው አዩትና ምን አሉት መሰላችሁ? "አንተ ነህ ሚጥሚጣ የማትችለው፣ ወይስ ወንድምህ?" ወንድሙ ነበር! ሳቁ መቆሚያ አጣ። ፍርፍሩ ያው ነው፤ ያው እጅ ነዋ። ደንበኞቻቸውም ያው የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ማለዳ ተነሥተው ሥራ የሚሄዱት እትዬ ጋ ቀምሰው ነው የሚሳፈሩት።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የቤት ስም ብቻ አትመዝግቡ። የምትሠራዋን ሰው መዝግቡ። ስልኳን ያዙ። ቤቱ ሲነሣ የት እንደገባች ጠይቁ። ሊስትሮውን ጠይቁ፣ ፓርኪንጉን ጠይቁ። ካርታ ላይ ያለው መረጃ ያረጃል፤ ሊስትሮው አያረጅም። ከምግቡ በላይ የምትሸጡት ይሄን እውቀት ነው። ቡፌው ይህን የለውም፣ ካርታውም የለውም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ ወረቀት እያሳዩኝ ነው። ሦስተኛውን ቶሎ ልበል። አስተዛዘዝ።

እንቁላል ፍርፍር ስታዙ ቃሪያ እንደሚገባበት አትርሱ። ሳትጠየቁ "ቃሪያው ለብቻ" በሉ። ስልስ ደግሞ ከቀለሙ የባሰ ሊያቃጥል ይችላል፤ አስቀድማችሁ ቅመሱ። ፉል ኖርማልና ስፔሻል አለ። ስፔሻሉ እንቁላል፣ አቮካዶና እርጎ ይጨመርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ እንግዳ ኖርማሉን ይብላ፣ የፉሉን ጣዕም ይወቀው። ያልፈላ ወተትና የቤት እርጎ ለሁለት ቀን እንግዳ አትስጡ። ደግነት አይደለም። ሰውየው ቀሪውን ጉብኝት መጸዳጃ ቤት ያሳልፈዋል።

ገንፎን በሚመለከት፣ አያቴ ብትኖር "ገንፎ ደግሞ ሆቴል ይበላል እንዴ?" ትል ነበር። ለእሷ ገንፎ የአራስ ቤት ነው። ዛሬ ግን ቁርስ ቤት ይሸጣል፣ ደህና የሚሠሩም አሉ። ገንፎን ለአንድ ሰው አንድ አትዘዙ። አንዱን መሐል አድርጉት። መሐሉ ላይ ያለውን ቅቤና በርበሬ ከዳር እየቆረሱ እንዴት እንደሚያጠቅሱ አሳዩአቸው። ዝም ካላችኋቸው መጀመሪያ መሐሉን ቆፍረው ጎርፉን ይለቁታል።

ዋጋ አልነግራችሁም። ዛሬ ብነግራችሁ በሚቀጥለው ወር ውሸታም እባላለሁ። እናንተ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፣ ለእንግዳችሁም ንገሩ። ሁለት ዋጋ የሚያወጣ ቤት ካገኛችሁ፣ ለእኛ አንድ፣ ለፈረንጅ አንድ፣ ተነሥታችሁ ውጡ። እዚያ አትመለሱ። ኮሚሽን ተቀብላችሁ ዝም ካላችሁ ደግሞ እኔ ጋ አትደውሉ!

መኪናችሁንም አስቡበት። እንደ ድሮ በር ላይ አቁሞ መግባት ቀርቷል። ኮሪደር መንገዱ ላይ ብታቆሙ ከቁርሱ የሚበልጥ ቅጣት ነው የምትከፍሉት። አርቃችሁ አቁሙና ከእንግዳው ጋር በእግራችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ ረከቦት ዘርግታ ጀበና ያስቀመጠች ልጅ ታገኛላችሁ። እዚያ ለአምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ጤና አዳም ይኑርበት።

ጥያቄ አለ መሰለኝ፣ እዚያ ከኋላ። እሁድ? አዎ፣ እሁድን አልተናገርኩም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው፣ ከ3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ሥላሴ ወይም ጊዮርጊስ ካስጎበኛችሁ እዚያው አካባቢ ተቀመጡ። ወንበር ግን ስለማይገኝ ቀድማችሁ አስይዙ፤ እንግዳችሁን ቤተሰብ ካለበት ጠረጴዛ ጋር ብታቀላቅሉትም ማንም አይከፋም። ባለ ጠረጴዛዎቹ ያጎርሱታል። እናንተ ትርጉሙን ብቻ ያዙ።

ሌላ ጥያቄ? እሺ፣ ቀይ ሹራብ የለበስሽው እህቴ፣ ቀጥዪ።